የፈተል በር

ሰበታ፣ መስከረም 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሊቤ፣ ላይፕዚግ

ሰላምታዬ ከቁጣዬ ይቅደም። እንዴት ሰነበትሽ? አዲሱ ዓመት የጤናና የሥራ ይሁንልሽ፤ ዋቃ ባለሽበት ይጠብቅሽ። እናትሽ፣ ቡራዩ ያለው አጎትሽ ቦሩና እኔ በሕይወት አለን። ይህን በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። ነገር ግን በስልክ የተነገረ ነገር በማግስቱ «እንዲህ አላልክም» ይባላል፤ የተጻፈ ግን አይካድም። ስለዚህ በኢሜይልም ቢሆን ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ፤ አንቺም በደብዳቤ መልሽልኝ።

እናትሽ አዲሱ ቤቷ ገብታለች። ባለሀብቱ ማርቆስ የተዘጋውን ፈተል ፋብሪካ ወደ መኖሪያ ሊለውጥ ሲረከብ ለነባር ሠራተኞች ቤት ለመስጠት የገባውን ቃል፣ እውነቱን ለመናገር፣ አክብሯል። ምድር ቤት እንድትይዝ ለመንኳት። እምቢ ብላ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች፤ ያውም የእሷ ማሽን ቆሞበት ከነበረው ቦታ። አልጋዋን እዚያው ዘረጋችና ለሚጠይቃት ሁሉ «ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ቆሜአለሁ፤ አሁን ደግሞ እዚሁ ልተኛበት» ትላለች። ልጇ የነደፈችው ሕንፃ መሆኑን ደግሞ ያልነገረችው የታክሲ ረዳት እንኳ የለም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ። የዚያ ፋብሪካ የጥገና ኃላፊ ሆኜ ፀጉሬ ሸብቷል፤ የማላውቀው ምሰሶ የለም። ሰፊውን የሲሚንቶ ደረጃ አፍርሰሽ በቦታው ጠመዝማዛ የብረት ደረጃ አቁመሻል። ማርቆስ በተረፈው ቦታ በየፎቁ አንድ ተጨማሪ ቤት አገኘበት። ደረጃው ሲያዩት ያምራል፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ግን አያስወጣም። ሊፍት ይገባበታል የተባለው ጉድጓድ አፉ በኮምፖርሳቶ ተዘግቶ ተቀምጧል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ስለ ፈተሉ በር ነው። በሦስተኛው ፎቅ ኮሪደር ጫፍ፣ ወደ ውጭ የሚከፈተው ትልቁ በር ማለቴ ነው። የተፈተለው ክር በጣውላ ላይ ተጭኖ በሰንሰለት ማንሻ ወደ ግቢው የሚወርደው በዚያ ነበር። ትናንት መስታወት ሠሪዎች መጥተው ለኩት፤ የማይከፈት መስታወት ይገጠምበታል አሉኝ። በንድፍሽ ላይ እንደዚያ ነው? ከሆነ አስተካክዪው። ሰው በሚኖርበት ፎቅ ላይ ትልቅ ነገር የሚወጣበትና የሚወርድበት አንድ መንገድ መኖር አለበት። መልስሽን እጠብቃለሁ።

አጎትሽ ዲሪርሳ


ላይፕዚግ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለኤሱማ ዲሪርሳ

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ እንዴት ነው? የእናቴ ወንድም፣ ኤሱማዬ ሆነው ቁጣዎ እንኳ እንደ ምርቃት ነው፤ ሳነበው ሰበታ የደረስኩ መሰለኝ። መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ቢሮው ፋታ አልሰጠኝም።

ስለ ደረጃው ልመልስልዎ። እኔ በምኖርበት ከተማም እንደ እኛው ያለ፣ ከእኛው እጅግ የሚበልጥ የጥጥ ፋብሪካ አለ። ዛሬ ሰዓሊ ይሠራበታል፤ ሰው ይኖርበታል። ያንን እያየሁ ነው የእኛው ፈርሶ ብረቱ ከሚሸጥ ይኑር ያልኩት። ጠመዝማዛውን ደረጃ በንድፍ ላይ ፈትሼዋለሁ፤ ትልቁን የሁለት ሰው አልጋና ባለ ሦስት ሰው ሶፋ አሳልፌበታለሁ፤ ሁለቱም በሚገባ ይዞራሉ። ሊፍቱም ከገና በፊት እንደሚገባ አቶ ማርቆስ አረጋግጦልኛል።

የፈተሉን በር በተመለከተ ግን ይፍረዱኝ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወደ አየር የሚከፈት በር ማለት ልጆች ለሚሯሯጡበት ቤት ሞት ማለት ነው። በዚያ ላይ የማታዋ ፀሐይ ወደ ኮሪደሩ የምትገባው በእሱ በኩል ነው። መስታወቱ የንድፉ ልብ ነው፤ እሱን ካነሳሁ ቤቱ መጋዘን ይሆናል።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። በታኅሣሥ እዚህ ኤግዚቢሽን አለ፤ ከአሮጌ ፋብሪካ ወደ መኖሪያ ከተለወጡ ሕንፃዎች መካከል የእኛው ተመርጧል። የደረጃውንና የመስታወቱን ፎቶ በማታ ብርሃን ያንሱልኝ። እባክዎ የተሰጣ ልብስና ጀሪካን እንዳይታይ።

የእማዬ ሳል እንዴት ነው? ስደውልላት «ደህና ነኝ» ትልና ስልኩን ለጎረቤት ትሰጥብኛለች።

ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ።

ሊቤ


ሰበታ፣ ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሊቤ

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? ብርዱ እንዳይጎዳሽ፤ ዋቃ ከክፉ ይሰውርሽ።

ፎቶዎቹን ልኬልሻለሁ። ልብስም ጀሪካንም አለባቸው። ጎረቤቶቼን «አንድ ቀን ሰው የማይኖርበት አስመስሉልኝ» ብዬ አልለምንም። የሁለተኛው ፎቅ ጀዋሂር ግን ለምን እንደማነሳ ስትሰማ ያለችውን ልንገርሽ፦ «ኢንጂነር፣ ለልጅቷ ንገሯት፤ ልብስ የማይሰጣበት ቤት ሰው የሞተበት ቤት ነው።»

መስታወቱ ተገጥሟል። የማልክድሽ ነገር አለ፤ ያምራል። እናትሽ ይህን ጻፍ ብላ እላዬ ላይ ቆማለች፦ «በማታ ፀሐይቱ ኮሪደሩን አልፋ፣ በራፌን ስከፍት ትራሴ ድረስ ትገባለች። ያኔ ጥጡ በብርሃኑ ውስጥ ሲበን እንደማየው ነው። እጇን ይባርከው በልልኝ።» ብያለሁ።

እኔ ግን ሐሳቤን አልለወጥኩም። ልጆቹን በተመለከተ ያልሽው እውነት ነው፤ እውነት ስለሆነም መልስ አለው፤ የብረት መወርወሪያና ቁልፍ። አንቺ በመዝጋት መለስሽው። ሊፍቱ አልመጣም።

ሳሉ የምታውቂው የድሮው ሳል ነው።

ዲሪርሳ


ሰበታ፣ ጥር 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሊቤ

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ከኅዳር ወዲህ ቃል አልሰማሁም። ኤግዚቢሽኑ በሰላም አልፎ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። እኔ የምነግርሽ ሌላ ነገር ነው፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

የፋብሪካው የጭነት መኪና ሹፌር የነበረውን ሐሰንን ታስታውሺዋለሽ፤ ከትምህርት ቤት መልስ ጋቢና ያስገባሽ የነበረውን። የጀዋሂር ባል ነው። ያለፈው ሐሙስ ማለዳ አረፈ። የሰፈሩ ሰዎች ቃሬዛውን ከመስጊድ ይዘው መጡ። ደረጃሽ መጀመሪያው መዞሪያ ላይ አላሳልፍ አለ። ቃሬዛውን አጋደሉት፤ አልሆነም። ከፍ አድርገው በብረቱ አናት ላይ ሊያሳልፉት ሞከሩ፤ አልሆነም። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ሰውየውን ማቆም ብቻ ነበር። በእኛም በእነሱም ዘንድ ሬሳ አይቆምም፤ ይህን ንድፍ ሳትማሪ በፊት የምታውቂው ነው።

በመጨረሻ በብርድ ልብስ ጠቀለሉትና ጂሬኛ የሚባለው ጎረምሳ በጀርባው አዘለው። ሁለተኛው መዞሪያ ላይ ብርድ ልብሱ ተንሸራተተና የሟቹ እግር ወጥቶ ከብረቱ ጋር ተጋጨ። ድምፁን ሁላችንም ሰማን። ጀዋሂር ፊቷን በሻሿ ሸፈነች፤ ያለቀሰችው ግን ግቢው ከደረሰች በኋላ ነው።

እናትሽ ከላይ፣ ከደረጃው አናት ቆማ ሁሉንም አየች። በማግስቱ አስጠርታኝ ከጎኗ አስቀመጠችኝና፣ «ዲሪርሳ፣ እኔን እንደ ጆንያ አዝላችሁ እንዳታወርዱኝ» አለችኝ። ደረጃው ጠባብ መሆኑን፣ በሩ መታተሙን ላስረዳት ሞከርኩ። «እኔ በዚያ በር ስንት ክር አውርጄአለሁ» አለችኝ። «ጣውላው አጋድሎብኝ አያውቅም።» ቃል አስገባችኝ። ገባሁ።

ማርቆስ ዘንድ ሄጄ በሩ እንዲከፈት ጠየቅሁት። ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ሰጥቶኝ፣ ሻይ አዝዞልኝ፣ «ኢንጂነር፣ ሞትን እያሰበ ቤት የሚገዛ ሰው የለም» አለኝ። ለገዢ የሚታየው መስታወቱ ነው፤ ሬሳ የሚወርድበት በር ነው ከተባለ ሦስተኛውን ፎቅ ማን ይፈልገዋል አለ። ደግሞም ንድፉን ያለ አርክቴክቷ ፈቃድ መንካት አይቻልም ብሎ ወደ አንቺ መለሰኝ።

እነሆ መጥቻለሁ። መልሽልኝ።

ዲሪርሳ


ላይፕዚግ፣ መጋቢት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለኤሱማ ዲሪርሳ

እንደምን ከረሙ? ስለ ዘገየሁ የምለው የለኝም። ስለ ጋሽ ሐሰን ያነበብኩ ዕለት ከሥራ ወጥቼ ሄድኩ። ለእትዬ ጀዋሂር ነፍስ ይማር ይበሉልኝ። እኔ ልጻፍላት ብዬ ጀምሬ ተውኩት።

እዚህ ሰው ሲሞት የሚያነሳው ድርጅት ነው፤ በዝግ መኪና ይመጣል፣ ጎረቤት እንኳ ሳያይ ይወሰዳል። ስለዚህ ጥያቄው በንድፍ ጠረጴዛ ላይ ተነስቶ አያውቅም። ለራሴ ምክንያት እየሰጠሁ እንዳይመስልዎ።

አቶ ማርቆስ ጽፎልኛል። ነዋሪዎች አንድ ነገር ባሰኛቸው ቁጥር ንድፍ ከተለወጠ ሥራ አይሠራም ይላል። ሱሉልታ ያለውን አሮጌ የዱቄት ፋብሪካ ወደ መኖሪያ የመለወጡን ሥራም ለእኔ ለመስጠት አስቧል። ኤሱማ፣ ለእኔ ለብቻዬ በስሜ የሚሰጠኝ የመጀመሪያው ሥራ ነው። አሁን ብጣላው ይህ አብሮ ይሄዳል። ሊፍቱ ሲገባ ነገሩ ይቃለላል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ያዘዘው ግን ለአራት ሰው የሚሆነውን መሆኑን ሰምቻለሁ።

እስከዚያው እማዬ ቡራዩ አጎቴ ቦሩ ዘንድ ብትቀመጥስ? ቤቱ ምድር ላይ ነው፤ ግቢም አለው። ደግሞ ከቻሉ መስታወቱን ከውጭ በኩል አንድ ፎቶ ያንሱልኝ። ለመጽሔት ጠይቀውኛል።

አክባሪዎ ሊቤ


ሰበታ፣ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሊቤ

ሰላምታው ይቆይ።

የመስታወት ፎቶ ጠየቅሽኝ። የእናትሽን ፎቶ አልጠየቅሽኝም። ስለዚህ የገባሁትን ሌላ ቃል አፍርሼ እነግርሻለሁ። እሷ አትንገራት ብላኝ ነበር፤ «ብቻዋን ናት፣ እዚያ ሆና ምን ታደርጋለች» እያለች።

ከገና ወዲህ ከቤት አልወጣችም። ለሐሰን ደረጃው አናት ድረስ የወጣችው ግድግዳ ይዛ ነው። ስልኩን ለጎረቤት የምትሰጠው ወሬ ጠልታ አይደለም፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር አከታትላ መናገር ስለማትችል ነው። ኦክስጅን እየወሰደች ነው፤ ሲሊንደሩን ጂሬኛ በትከሻው ያወጣልናል። ሐኪሙ ሳንባዋ የዕድሜ ልክ የጥጥ ብናኝ እንደያዘና ከእንግዲህ የሚደረግ ነገር ጥቂት እንደሆነ ነግሮኛል። ቦሩ መኪና ይዞ መጥቶ ነበር። «ከወረድኩ የምወርደው አንዴ ነው» ብላ መለሰችው። ቡራዩ አትሄድም። ስለ ቡራዩ ደግመሽ አትጻፊልኝ።

አሁን እንደ ባለሙያ ላናግርሽ። ከጣሪያው ሥር የወጣውን የብረት ክንድ ወጥቼ መርምሬዋለሁ፤ ዝገቱ የላይ ነው፤ ብረቱ ጤነኛ ነው። ከሚነሳው ክብደት ሦስት እጥፍ አሸዋ በጆንያ ሰቅዬበት አድሯል፤ አልተንቀሳቀሰም። ሰንሰለቱን አጥቤ ዘይት ቀብቻለሁ። የጎደለው በሩ ብቻ ነው። መስታወቱ ወጥቶ የሚከፈት በር ይግባ። ከውስጥ የብረት መወርወሪያ ከነቁልፉ ይኑረው፤ ቁልፉ በፋብሪካው እድር እጅ ይሁን። ለልጆቹ ያነሳሽው ስጋት በዚህ ይመለሳል።

ማርቆስ አላውቅም ቢልም፣ የንድፉ ባለቤት ለአደጋ መውጫ ያስፈልጋል ብላ ለከተማው ግንባታ ፈቃድ ቢሮ ከጻፈች ሊከለክል አይችልም። ሕጉን አንብቤዋለሁ። የሚያስፈልገው ያንቺ ፊርማ ነው።

ለአንቺ ሥራ የሚያዝን ልብ አለኝ። ቢሆንም ሱሉልታ ሌላ ቀንም ሱሉልታ ናት።

ዲሪርሳ


ላይፕዚግ፣ መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም.

ኤሱማ፣

ዛሬ ሰላምታዬ አጭር ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

ለፈቃድ ቢሮውም ለማርቆስም ጽፌአለሁ፤ የተሻሻለው ንድፍ ከነፊርማዬ ተያይዟል። በሩ ባለ ሁለት ተከፋች ነው፤ ወደ ውስጥ ይከፈታል፤ ማጠፊያዎቹ ከምሰሶው ጋር በብሎን ይታሰራሉ። ማርቆስ ወዲያው መለሰልኝ። ሱሉልታ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ፎቶዎቹ በመጽሔቱ እንዳይወጡም ነግሬአለሁ።

አልጋና ሶፋ ለክቼ ነበር። የሚኖርበትን ሰው ሲወጣ ለካሁት፤ ሲወርድ አልለካሁትም።

ስለ ጣውላው አደራዬን ይስሙኝ። አራቱ ሰንሰለቶች እኩል መሆናቸውን እርስዎ ራስዎ ይለኩ፤ ለሌላ ሰው አይስጡት። አንዱ በጣት ያህል ቢረዝም ያዘነብላል።

ትናንት ከእማዬ ጋር ተነጋገርን። እኔ ብቻ አወራሁ። በመጨረሻ «በልተሻል?» ብላ ጠየቀችኝ። በልቻለሁ አልኳት።

የመኖሪያ ፈቃዴ ለእድሳት ቢሮ ገብቷል፤ ያለ እሱ ከወጣሁ መመለስ አልችልም። አስቸኳይ የጉዞ ወረቀት አመልክቻለሁ። እንደ ተሰጠኝ እመጣለሁ። እንድትጠብቀኝ አይንገሯት፤ ዝም ብላ ትተንፍስ።

ሊቤ


ላይፕዚግ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ኤሱማ፣

አጎቴ ቦሩ ደውሎ ነገረኝ። የጉዞ ወረቀቱ የደረሰኝ ከቀብሩ በኋላ ነው። ለሰልስትም ለሰባትም አልደረስኩም፤ ለአርባዋ ግን እመጣለሁ።

ቦሩን ልጠይቀው ፈርቼ ያልጠየቅሁት አንድ ነገር አለ። እርስዎ አይዋሹኝም።

ቆማ ነው የወረደችው?

ሊቤ


ሰበታ፣ ሚያዝያ 13 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሊቤ

አልቆመችም። ይህን አስቀድሜ ልመልስልሽ፤ ሌላውን ቀስ ብለሽ አንብቢው።

እግዚአብሔር ያጽናሽ። የእሷን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን።

መስታወቱ የወጣው ከማረፏ ስድስት ቀን በፊት ነው። የማርቆስ ሰዎች እየተነጫነጩም ቢሆን አወጡት፤ በሩን እኔና ጂሬኛ ሰቀልነው። መስታወቱን አልሰበርነውም፤ ክፍሏ ውስጥ በግድግዳው ላይ አስደግፈነዋል። በሩ ሲከፈት ንፋስ ገባ። ትራስ አስደግፉኝ አለችና ማንሻውን አየችው። «ዘይት ቀባኸው?» አለችኝ። ቀብቼዋለሁ አልኳት። አላመነችኝም፤ እስኪ አንቀሳቅሰው ብላ ድምፁን አዳመጠች። ከዚያ ወዲያ ስለ በሩ አላነሳችም።

ያረፈችው እሑድ ማለዳ ነው፤ ሳታስል፣ ተኝታ። ሳጥኑ ባዶውን በዚያው በር ወደ ላይ ወጣ። አራቱን ሰንሰለቶች ራሴ ለካኋቸው። ጣውላው ላይ የውኃ ልክ አኖርኩ፤ አረፋዋ መሃል ቆመች። ከዚያ እሷ ያለችበትን ሳጥን አሳረፍንበትና አሰርነው።

ግቢው ሞልቶ ነበር። የእድሩ ወንዶች ማንሻው ሥር ለመቆም ሲጠጉ፣ አብረዋት የሠሩት ፈታዮች ከለከሏቸው። መኪያ ናት የተናገረችው፤ በማሽን ከእናትሽ ቀጥላ ትሠራ የነበረችው። «የእናንተ ተራ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ነው» አለቻቸው። «እስከዚያ የእኛ ናት።» ወንዶቹ ወደ ኋላ አሉ።

እኔ ላይ ሰንሰለቱን ይዣለሁ። የጥገና ኃላፊ ስለነበርኩ ትእዛዝ የምሰጠው እኔ ነኝ ብዬ አስቤ ነበር። ሰንሰለቱን እንደጨበጥኩ ቀረሁ። ሁሉም ሽቅብ ያየኛል።

ያኔ መኪያ ከታች «ሱታ…» አለች። ክር ሲወርድ የሚሉት ይህን ነበር፤ በኦሮምኛ ቀስ በል ማለት ነው። ሌሎቹ ተቀበሏት። «ሱታ… ሱታ…» ለቅሶ አልነበረም፤ የሥራ ድምፅ ነበር። እጄ ድምፃቸውን ተከትሎ ሰንሰለቱን ይለቅ ጀመር። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ነፋስ ሊያዞራት ነበር፤ ጀዋሂር በመስኮቷ በኩል እጇን ዘርግታ የጣውላውን ጫፍ ያዘች፤ አረጋግታ ለቀቀቻት። ከታች የሴቶቹ እጆች ሁሉ ከፍ ብለው ይጠብቁ ነበር። መሬት ሳትነካ ተቀበሏት።

እንደተኛች ወረደች። ጣውላው አጋድሎባት አያውቅም ነበር፤ ያን ቀንም አላጋደለም።

ማርቆስም ቀብር መጥቶ ነበር። ኮፍያውን አውልቆ ከኋላ ቆመ። ሱሉልታ እንዲህ ያለ በር ያኖር እንደሆነ የምናየው ይሆናል።

ትናንት እድሩ ተሰብስቦ የበሩ ቁልፍ በማን እጅ ይቀመጥ የሚለውን ተነጋገረ። እኔን ሊሰጡኝ ተነሱ፤ ኢንጂነር ይያዘው አሉ። ጀዋሂር ከጥግ ተቀምጣ ነበር። እጇን ዘረጋች። የተከራከራት የለም። ቁልፉን ሰጠኋት፤ በሻሿ ጫፍ ቋጠረችው።

ስትመጪ በሩን የምትከፍትልሽ እሷ ናት። ነጋቲ፤ በሰላም ቆዪኝ።

አጎትሽ ዲሪርሳ